ሞናኮ ቡድኑን በአንድ ክረምት አልበተነም

«የፈረንሳዩ እግር ኳስ ክለብ ሞናኮ እ.ኤ.አ. በ2017 የሊጉን ዋንጫ በላ፣ በዚያው ክረምት ቡድኑን ሸጦ በቀጣዩ ዓመት ወደ ታችኛው ሊግ ሊወርድ ደረሰ» ያልከው ወንድሜ፣ አንድ ሙሉ የውድድር ዓመት ዘለልክ። በርናርዶ ሲልቫና ሜንዲ ወደ ማንቸስተር ሲቲ፣ ባካዮኮ ወደ ቼልሲ መሄዳቸው እውነት ነው። ምባፔን ግን የፓሪሱ ክለብ ፒኤስጂ መጀመሪያ የወሰደው በውሰት ነው። ፋልካኦ፣ ፋቢንሆ፣ ሌማር፣ ሞቲንሆ፣ ግሊክ፣ በረኛው ሱባሲችም ጭምር እዚያው ቀሩ። እነዚሁ ልጆች 2017/18ን በ80 ነጥብ ሁለተኛ ሆነው ጨረሱ! ፋልካኦ በሊጉ ብቻ 18 ጎል አገባ። ይህን ዓመት መርሳት አሰልጣኙን ያርዲምን መበደል ነው። መሀል ሜዳው የተራቆተው በ2018 ክረምት ነው፤ ፋቢንሆ ለሊቨርፑል፣ ሌማር ለአትሌቲኮ ማድሪድ፣ ሞቲንሆ ለዎልቭስ ተሸጡ። 17ኛ ሆነው ለጥቂት ከመውረድ የተረፉት ከዚያ በኋላ፣ በ2018/19 ነው።