ኬብሉን የቆረጥነው እኛው ነን

ጎረቤቶቼ፣ ዛሬ ልቆጣችሁ ነው። ብትቀየሙኝም ግድ የለም፣ ቡና ስንጠጣ እንታረቃለን። ነገሩ ለኮዬ ፈጬ ብቻ አይደለም። ለቱሉ ዲምቱ፣ ለቦሌ አራብሳ፣ ለየካ አባዶ፣ ባጭሩ ከተማው ካለቀ በኋላ ቤት ለደረሰን ሁሉ ነው።

ያለፈው ሐሙስ ኢንተርኔት ጠፋ። የቤቱ ዋይፋይ ሞተ፣ የሞባይሉም ዳታ ተንፏቀቀ። የብሎካችን የቴሌግራም ግሩፕ ላይ ግን ለቴሌ ስድብ ዘነበ። አንዱን ስድብ ለመላክ አምስት ደቂቃ ይፈጃል፣ ሰው ግን አልታከተም። «ብር መብላት ብቻ!» «እኛ ዳር ስለሆንን ነው የናቁን!» እኔም ሁለት መስመር ጨመርኩ፣ አልዋሽም።

ከዚያ ዳቦ ልገዛ ወረድኩ። መንገዱ ዳር የውሃ ቧንቧ ሊቀበርበት የተቆፈረ ቦይ አለ። ከቦዩ ግድግዳ ላይ ጥቁር ገመድ ተበጥሶ ተንጠልጥሏል። ጫፉ ላይ እንደ ፀጉር የቀጠኑ የመስታወት ክሮች ተበታትነዋል። ፋይበር የሚባለው፣ ኢንተርኔታችንን በብርሃን የሚያመጣው ገመድ ነው። ዶማ የያዘው ልጅ አየኝና «ሥር መስሎኝ ነው ጋሼ» አለኝ።

ልጁን አልወቅሰውም። ቦዩን ያስቆፈረው ማን ነው? የእኛው ኮሚቴ ነው። በማን ብር? ከየቤቱ ባዋጣነው። ስብሰባው ላይ አንድ አባት «እዚህ ጋ ከሥር ኬብል ያልፋል፣ መጀመሪያ ይጠየቅ» ብለው ነበር። «ክረምቱ ሳይገባ እንጨርስ» ተባሉና ታለፉ። እኔም እዚያው ፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀምጬ ነበር። ዝም አልኩ።

በማግስቱ ሁለት ቴክኒሻኖች መጡ። መጀመሪያ ያደረጉት ነገር ገረመኝ። በገመዱ ውስጥ ብርሃን ልከው፣ ተመልሶ እስኪመጣ የፈጀውን ጊዜ በመሣሪያ ለኩ፤ የተቆረጠበትን ርቀት የሚያውቁት እንደዚያ ነው። ቀጥሎ አንደኛው ጃንጥላ ዘረጋ፣ ቢጫ ጀሪካን ገልብጦ ተቀመጠ። እያንዳንዱን ክር ይልጣል፣ በአልኮል ይጠርጋል፣ ጫፉን ቀጥ አድርጎ ይቆርጣል። ከዚያ ምሳ ዕቃ በምታክል ማሽን ውስጥ ሁለቱን ጫፍ ፊት ለፊት ያስቀምጣል። ማሽኗ በኤሌክትሪክ ብልጭታ አቅልጣ ታጋጥማቸዋለች። ሰማያዊውን ከሰማያዊው፣ ብርቱካናማውን ከብርቱካናማው። የክሩ ውፍረት የሚሊ ሜትር አንድ ስምንተኛ ነው። ትንሽ አቧራ ከገባበት እንደገና ይሠራል። አንዲት ጎረቤታችን ቆም ብላ አየችና «ለአንድ ገመድ ይሄ ሁሉ? በፕላስተር ጠቅልላችሁ አትሄዱም?» አለች። ልጁ ቀና ሳይል ሳቀ።

እስኪመሽ እዚያው ነበሩ። ሦስተኛ ፎቅ ያለችው፣ ቦርሳ በቴሌግራም ሸጣ በሞተረኛ የምትልከው ልጅ፣ ሁለት ቀን ሙሉ ደንበኞቿን «ይቅርታ ኔትወርክ የለም» ስትል ከረመች። እነሱ ደግሞ መርካቶ ያለውን ሌላ ሻጭ አገኙ።

መሀል ከተማ አንድ መስመር ሲቆረጥ በሌላ ማዞር ይቻል ይሆናል። ዳር ላይ ያለ ሰፈር ግን ብዙ ጊዜ የሚደርሰው በአንድ ገመድ ነው። ገመዱን አብልጠን መጠበቅ የነበረብን እኛ ነበርን።

የሌሊቱ ቆረጣስ? መዳብ መስሏቸው ፋይበር የሚቆርጡ አሉ። ፋይበር ውስጥ መዳብ የለም፣ መስታወት ነው፤ ቁራሌው ሁለት ብር አይሰጥበትም። ሌባው ይሄንን ላያውቅ ይችላል። እኛ ግን በሌሊት መጋዝ ሲፋጭ እየሰማን መስኮት እንዘጋለን። «ምን አገባኝ» እያልን እንተኛለን፣ ጠዋት ተነስተን ኔትወርክ እንሳደባለን።

አሁን ደግሞ ወደ ኔትወርክ ታወሩ ነገር ልምጣ። ባለፈው ዓመት እኛ ጋ አንቴና ሊተከል ሲል ፊርማ ተሰብስቦ ነበር። «ጨረር አለው፣ ልጆቻችንን ያሳምማል።» የአንቴና ሞገድ የሬዲዮ ሞገድ ነው፣ እንደ ኤክስሬይ ያለ ጨረር አይደለም፤ ኃይሉም ዓለም አቀፍ ወሰን አለው። መፍራት ክፉ አይደለም፣ «ኃይሉን ለኩና አሳዩን» ማለት ይቻል ነበር። ማንም አልጠየቀም። ፈርመን ላክን፣ አንቴናው ሌላ ቦታ ሄደ። ዛሬ ከፈራሚዎቹ አንዱ ስልክ ለማውራት በረንዳው ላይ ወጥተው፣ አንድ እጃቸውን ብረቱ ላይ አድርገው፣ ወደ ውጭ ተንጠልጥለው አያቸዋለሁ። ልጆቻቸው ስለ ጨረር ሳይሆን ስለ አባታቸው መውደቅ ነው የሚሰጉት።

ዳግማዊ ምኒልክ የዛሬ 130 ዓመት ገደማ ስልክ ሲያስገቡ «የሰይጣን ሥራ ነው» ያሉ ነበሩ ይባላል። ንጉሡ ግን ከሐረር አዲስ አበባ 477 ኪሎ ሜትር የሚሆን መስመር አዘረጉ። እኛ በቀፎ ውስጥ ባንክ ይዘን እየዞርን ገና እዚያው ነን።

ወደ ሌላው ልለፍ። ገበያው ተለውጧል፣ እኛ ግን የድሮ ተጠቃሚዎች ነን። ቴሌኮም ለውድድር ሊከፈት ነው በተባለ በወራት ውስጥ፣ ነሐሴ 2010 ላይ፣ የሞባይል ኢንተርኔት ዋጋ በ43 በመቶ ቀነሰ። አጋጣሚ ነው ብላችሁ እንዳታሳምኑኝ። በ2011 በአዋጅ ቁጥር 1148 የኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ተቋቋመ። በመስከረም 2015 ሳፋሪኮም አዲስ አበባ ገባ። በስልክ ገንዘብ የምንልክበት የኢትዮ ቴሌኮሙ ቴሌብር በ2013 ተጀምሮ ነበር፣ የሳፋሪኮሙ ኤምፔሳም በ2015 ማብቂያ ተከተለ። አማራጭ ማለት ይሄ ነው፤ አንዱ ካልተመቸህ ሌላውን ትሞክራለህ፣ ወይም «እሄዳለሁ» ብለህ ታስፈራራለህ።

እኛ ምን አደረግን? ቴሌግራም ላይ ተሳደብን። ስድብ ቅሬታ አይደለም። የቴሌኮም ድርጅታችሁ ጥሪ ማዕከል ጋ ደውሉ፣ የቅሬታ ቁጥር ተቀበሉ፣ ቀኑን ወረቀት ላይ ጻፉ። ካልተስተካከለ ያንን ቁጥር ይዛችሁ ባለሥልጣኑ ጋ ሂዱ፤ የተጠቃሚ ቅሬታ መስማት ሥራው ነው። ሐሙስ ዕለት ግሩፑ ላይ «ቁጥር የያዘ አለ?» ብዬ ጠየቅኩ። የመለሰልኝ አንድ ስቲከር ነው። የሚያለቅስ ድመት።

ስለ ጋራ ዋይፋይም አንድ ነገር ልበል፣ አላረዝመውም። አንድ መስመር ለስድስት ቤት ተከፋፍለን፣ ሌሊቱን ሙሉ ተከታታይ ፊልም የሚያወርድ ሰው እያለን፣ ጠዋት «ቀርፋፋ ነው» አንበል። ሰብሳቢውንም በወር ደረሰኝ እንጠይቀው። ዓመት ሙሉ ሲቀበል ለማን እንደከፈለልን ያየ የለም።

እናም እባካችሁ፣ የቴሌብር ሚስጥር ቁጥር የሱቁ ልጅ አይደለም የሚያስገባላችሁ። ባለፈው ወረፋ ላይ ቆሜ ቁጥሩን ጮክ ብለው ለልጁ የነገሩት አንዲት እትዬ ነበሩ። ወረፋው ሁሉ ሰማ። እኔም አስታወስኩት፣ እንዲቀይሩ ብነግራቸው «አንተ ሌባ ነህ እንዴ?» ብለው ሳቁ። አልቀየሩትም።

ሰኞ ጠዋት ደግሞ ከብሎክ ጀርባ የፍሳሽ መስመር ሊቆፈር ነው። ኮሚቴው ቀኑን ለጥፏል፣ ኬብሉ የት እንደሚያልፍ ግን የጠየቀ የለም። እኔ ቴክኒሻኑን ጠይቄ ቦታውን በኖራ አስምሬያለሁ። ቆፋሪዎቹ ሁለት ሰዓት ላይ ይጀምራሉ። ኖራው በዝናብ ሊጠፋ ስለሚችል፣ አንድ ሰው ከእኔ ጋር እስከ ምሳ ሰዓት ይቁም። ወንበርና ቡና ከእኔ ነው።