ለክቡር አውቶማቲክ ስልክ ደዋይ

ክቡርነትዎ፣

ደህና እንደሆኑ አልጠራጠርም። እርስዎ አይታመሙም፣ አይተኙም፣ ሰንበት አያውቁም።

እሁድ ከቅዳሴ ስንወጣ የእድራችንን ሊቀመንበር ወደ ቤታቸው እያደረስኩ ነበር። ጋሼ ከፊት ተቀምጠዋል፣ ልጃቸው ከኋላ። ስልኬ ከመኪናው ስፒከር ጋር ተያይዟል፤ መዝሙር እንሰማለን። በመሃል እርስዎ ገቡ። ያ ለስላሳ የሴት ድምፅዎ መኪናውን ሞላው፤ ዕዳ ለመሰብሰብ ነው የደወልኩት ይላል። የምዘጋበት ጠፋብኝ።

«ምን አለች?» አሉ ጋሼ፤ እንግሊዝኛው አይገባቸውም። ልጃቸው እዚህ ያደገች ናት፣ ነገር መሸፋፈን አታውቅም። «አባባ፣ ዕዳህን ክፈል እያለችው ነው።»

ከዚያ ማንም አልተነፈሰም። ቤታቸው ደርሰን ሲወርዱ ወንበሩ ላይ 20 ዶላር አስቀምጠው፣ ዞር ብለውም ሳያዩኝ ገቡ። በጡረታ የሚኖሩ ሰው!

አንተ ማነህና ነው ሽማግሌ ኪሱን እንዲዳብስ የምታደርገው? ባንክራፕሲ የገባሁት፣ ከስሬያለሁ ብዬ ፍርድ ቤት ያመለከትኩት፣ በሕግ ነው። «የለኝም» ለማለት 313 ዶላር ከፍያለሁ። ዕዳዬን ቀስ በቀስ የምከፍልበት የአምስት ዓመት ፕላን ላይ ፈርሜያለሁ። ይህን የሚነግርህ ወረቀት ከደረሰህ ወር አልፎታል!

ይቅርታ፣ ክቡርነትዎ። ወደ «እርስዎ» ልመለስ።

ቻፕተር 13፣ ዕዳ በፕላን የሚከፈልበት የባንክራፕሲ ዓይነት፣ ፋይል ከተደረገባት ደቂቃ ጀምሮ የዳኛ ፊርማ ሳይጠበቅ እግድ ይጸናል። ስልክ፣ ደብዳቤ፣ ከደሞዝ መቁረጥ፣ መኪና መጎተት ይቆማል። እግዱም እንደ እርስዎ አውቶማቲክ ነው የሚባለው። ከሁለቱ አውቶማቲኮች የሚሠራው ግን የእርስዎ ብቻ ሆነ።

ድርጅትዎ ጋ ደውዬ ነበር። 40 ደቂቃ ሙዚቃ ሰማሁ። በመጨረሻ አንዷ አነሳችና «ሲስተሙ ገና አልታደሰም» አለችኝ። እኔ እኮ ውቅያኖስ የተሻገርኩት «ሲስተም የለም»ን ሸሽቼ ነው!

ፋይል ከማድረጌ በፊት ስላስወሰዱኝ የዕዳ ምክር አላነሳም። ሰርተፊኬቱ ሳሎን ተሰቅሏል።

ጠበቃዬ የባንክራፕሲ ሕጉን አንቀጽ 362 አስረዳኝ። እግዱን እያወቀ የጣሰ ጉዳቱንና የጠበቃ ወጪውን ይከፍላል፤ ሲብስበት መቀጫም ይጨመርበታል፤ ፍርድ ቤት በመድፈርም ሊጠየቅ ይችላል። ደስ አለኝ። ቀጥሎ «ጉዳትህ ምንድን ነው? ማስረጃውስ?» አለኝ። ለሐፍረት ደረሰኝ የሚቆርጥ አላውቅም።

ደግሞ ዝም ቢሉ ኖሮ! በ2021 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በቺካጎ ከተማ ጉዳይ፣ ከፋይሉ በፊት የተያዘን መኪና ዝም ብሎ ይዞ መቆየት ብቻውን ንብረት መቆጣጠርን የሚከለክለውን የእግዱን አንቀጽ አይጥስም ብሏል። ዝም ያለ ያመልጣል ማለት ነው። እርስዎ ግን ዝም ማለት አልሆነልዎትም።

ጠበቃዬ እንዳዘዘኝ የደወሉበትን ቀንና ሰዓት እየጻፍኩ ነው። 20 ዶላሯንም ከዝርዝሩ ጋር በክሊፕ አያይዣታለሁ። አሁን የጨነቀኝ ሌላ ነው፤ ፕላኑ እስኪያልቅ እጄ የሚገባ ሁሉ ይቆጠርብኛል። እሷንም ፕላኑን ለሚቆጣጠረው ትረስቲ ላሳውቅ?