በር ላይ ይከፈል ወይስ በሩ ክፍት ይሁን?

አዲስ አበባ ውስጥ ላይቭ ሙዚቃ የሚያቀርቡ ትንንሽ ቤቶች ኑሮ ከብዷቸዋል። በር ላይ የመግቢያ ክፍያ ይጀምሩ ወይስ እንደተለመደው እንግዳው በመጠጡ ይክፈል? አንድ የቤዝ ጊታር ተጫዋችና አንዲት የአዝማሪ ቤት ባለቤት ተከራከሩበት። ይተዋወቃሉ፤ እሷ ቤት ተጫውቷል።

ሙዚቀኛው፦ እትዬ፣ ከአንድ ምሽት ልጀምር። ባለፈው ክረምት አንድ ቤት ተጫወትን። ስሙን አልጠራም። አምስት ሆነን ከምሽቱ ሦስት ሰዓት እስከ ሰባት ሰዓት ቆምን። ቤቱ ጢም ብሎ ነበር። ሰው ይጨፍራል፣ ያጨበጭባል፣ ቪዲዮ ይቀርፃል። ሂሳብ ሲሠራ ባለቤቱ "ዛሬ አልተጠጣም" አለና ከተስማማንበት ግማሹን ሰጠን። አምፕሊፋየሬን በታክሲ ጭኜ ቤቴ ስደርስ እጄ ላይ የቀረ ነገር አልነበረም ማለት ይቻላል። በማግስቱ የቤዜን ክሮች አውልቄ በድስት ቀቀልኳቸው። አዲስ መግዛት ሲያቅት እንዲህ ይደረጋል። ወዝና ቆሻሻቸው ይለቃል፣ ድምፃቸውም ለጥቂት ቀን ይመለሳል። ከሐምሌ 2016 ወዲህ፣ ምንዛሪው በገበያ ይወሰን ከተባለ በኋላ፣ ከውጭ የሚመጣ ክር፣ ኬብልና ማይክ ዋጋው አይቀመስም።

ነገሩ የሰውየው ክፋት ብቻ አይመስለኝም። ሜኑው ላይ የቢራ ዋጋ አለ፣ የጥብስ ዋጋ አለ። የሙዚቃ ዋጋ የለም። ስለዚህ ሙዚቃው በቤቱ ሂሳብ ወጪ ሆኖ ይመዘገባል። ወጪ ደግሞ ይቀነሳል። መጀመሪያ አምስት የነበረው ባንድ ሁለት ሰውና አንድ ኪቦርድ ይሆናል፣ ቀጥሎ ዲጄ ይመጣል። የድሮዎቹ ሙዚቀኞች በክቡር ዘበኛ፣ በፖሊስ ሠራዊት፣ በሀገር ፍቅር ደመወዝ ነበራቸው። የእኛ ደመወዝ የተንጠለጠለው በቢራ ጠርሙስ ላይ ነው። በር ላይ ይከፈል፤ የበሩ ገንዘብም ለባንዱ ይሁን።

ባለቤቷ፦ ልጄ፣ የደረሰብህ አሳዝኖኛል። ተጠጣም አልተጠጣ የተስማሙበት ይከፈላል። እኔ ሳልሸጥ ባደርኩበት ቀን እንኳን ማሲንቆ ተጫዋቼን ባዶ እጁን ሸኝቼ አላውቅም። የበሩ ነገር ግን ሌላ ነው።

እኔ ቤት አንድ ጡረተኛ መምህር ይመጣሉ። ግድግዳው ሥር፣ ከማሲንቆው ፊት ለፊት ይቀመጣሉ። አንድ ቢራ ያዛሉ፣ እሷኑ ይዘው ያመሻሉ። በሂሳብ ካየሃቸው ኪሳራ ናቸው። ግን "ተቀበል!" ብለው ግጥም የሚሰጡት እሳቸው ናቸው። አዝማሪው ተቀብሎ ሲያዜመው ሰሙ ወዲያው ይሰማል፣ ወርቁ ቆየት ብሎ ይገባል፣ ቤቱ በሳቅ ያውካካል። እጅ ወደ ኪስ የሚገባው ያኔ ነው። ጥግ የተቀመጠው ነጋዴ ተነስቶ አዝማሪው ግንባር ላይ መቶ ብር ይለጥፋል። ጓደኛው ላለመበለጥ ሁለት ይለጥፋል። በር ላይ ካስከፈልኩ መምህሩ ይቀራሉ። ነጋዴውም "ከፍዬ ነው የገባሁት" ብሎ እጁን አጣጥፎ ይቀመጣል።

ካዛንቺስ የነበረውን አዝማሪ ቤት፣ ፈንድቃን ታውቀዋለህ። ጨፋሪው መላኩ በላይ እዚያው ቤት ለዓመታት ያለ ደመወዝ፣ በሽልማት ብቻ ሲጨፍር ኖሮ በኋላ ቤቱን ተረከበው። ዓለም የሚያውቀው የባህል ማዕከልም አደረገው። ታዲያ ምን አፈረሰው? የመግቢያ ክፍያ ማነስ ነው? በ2017 መጀመሪያ ሰፈሩ ለልማት ሲነሳ አብሮ ፈረሰ። ጃዛምባ የተባለውንም የሙዚቃ ክለብ ጣይቱ ሆቴል ውስጥ ሞቅ ብሎ ሳለ ጥር 3 ቀን 2007 እሳት በላው። የእኛ ዓይነት ቤት የቆመው በሰው መሬት ላይ ነው። የእኔ ውል በየዓመቱ ይታደሳል። ቤቱ ሰው መያዝ ሲጀምር አከራዩ ያያል፣ ኪራዩም ይጨመራል። ጎረቤት በድምፁ ይከሳል። ድምፅ እንዳይወጣ ግድግዳውን ላስለብስ ብል፣ ዓመቱ ሲያልቅ የሠራሁትን ጥዬለት ነው የምወጣው። የበሩንም ገንዘብ ዞሮ ዞሮ የሚወስደው አከራዩ ነው።

ትኬት ያድናል ካልክ እንግሊዝን እይ። እዚያ ትኬት መሸጥ የተለመደ ነው። ሆኖም እ.ኤ.አ. በ2023 ብቻ 125 ትንንሽ ቤቶች ወይ ተዘግተዋል ወይ ላይቭ ሙዚቃ አቁመዋል። የዚያ ዓመት አማካይ ትርፋቸውም ግማሽ በመቶ ነበር።

ሙዚቀኛው፦ ስለ ኪራዩ እውነትዎን ነው። የእንግሊዙን ግን እስከ መጨረሻው እንየው። ለእነዚያ ቤቶች የሚቆመው ሚውዚክ ቬኑ ትረስት ይህንኑ ቁጥር ይዞ ወጣ። ትልልቆቹ አዳራሾችና ስታዲየሞች ከሚሸጡት ትኬት አንድ አንድ ፓውንድ ለትንንሾቹ ይስጡ አለ። ኢንተር ሺካሪ የተባለው ባንድ በ2024 ከራሱ ኮንሰርቶች ሰጠ። ኮልድፕሌይ በ2025 ከእንግሊዝ ዝግጅቶቹ ከሚያገኘው ላይ 10 በመቶ ለመስጠት ቃል ገባ። መንግሥትም ሐሳቡን ደገፈ። እንዲህ ብለው መጠየቅ የቻሉት ስለሚቆጥሩ ነው። ስንት ሰው ገባ? ስንት ተከፈለ? ለባንዱስ ስንት ሄደ? እኛ ጋ በበዓል ሚሌኒየም አዳራሽ ከድምፃዊው ጀርባ የሚቆሙት ልጆች ብዙዎቹ እጃቸውን የፈቱት እንደ እርስዎ ባለ ቤት ነው። አዘጋጁን "ለነዚህ ቤቶች አዋጣ" ብንለው በምን ማስረጃ? ግንባር ላይ የተለጠፈ ብር ደረሰኝ የለውም።

ደግሞ ሽልማቱ ለድምፃዊውና ለማሲንቆው ነው። በስንት ዓመት ሥራዬ የቤዝ ተጫዋች ግንባር ላይ ብር ሲለጠፍ አይቼ አላውቅም።

ባለቤቷ፦ ይኼ ልክ ነው። ይኼንን አላሰብኩትም ነበር። እስካሁን አዝማሪውንና ባንዱን አንድ አድርገን ነው የተከራከርነው። አዝማሪው ከእንግዳው ጋር ይነጋገራል፤ ባንዱ ይደመጣል። ለአዝማሪው ምሽት በሬ ላይ ገንዘብ አልቀበልም፣ እዚህ ላይ አትለምነኝ። ሐሙስ ግን ቤቱ ቀዝቃዛ ነው። ሐሙስን ለባንድህ ልስጥህ። አስከፍሉ፤ የበሩ ገንዘብ በሙሉ የእናንተ፣ መጠጡ የእኔ። ሦስት ወር እንየው፤ የገባው ሰው ሁሉ በደብተር ይጻፍ። መምህሩ ሐሙስም ይመጣሉ። በሩ ላይ የምትቆመው አንተ ነህና ምን እንደምትላቸው አስብበት።

ሙዚቀኛው፦ እሳቸው በነፃ ይገባሉ። ደብተሩ ላይ ግን እጽፋቸዋለሁ።