መንበሩና ቦዩ

«ጌም ኦፍ ትሮንስ» የተባለው ተከታታይ ድራማ በግንቦት 2011 ዓ.ም. ሲጠናቀቅ 8 ሲዝንና 73 ክፍል ነበረው፤ እኔ ያየሁት ግን ብዙ ዘግይቼ፣ የጎረቤቴ ልጅ በፍላሽ ጭኖ ሰጥቶኝ፣ ቱሉ ዲምቱ በሚገኘው ኮንዶሚኒየማችን መብራት ባልጠፋባቸው ምሽቶች ነው። ልጁ የወደደው ድራጎኖቹን ነበር፤ እኔን የያዘኝ ደግሞ «ክረምት እየመጣ ነው» የሚለው የስታርክ ቤተሰብ መፈክር ነው። እነሱ የሚፈሩት ዓመታት የሚዘልቅ ብርድና በረዶ ነው። የብሎካችን የምድር ቤት ነዋሪዎች ግን ድራማውን ሳያዩ ግንቦት በገባ ቁጥር ይሉታል፤ ከሕንፃው ጀርባ ያለው ቦይ በፌስታልና በፕላስቲክ ጠርሙስ ስለተደፈነ፣ የሰኔ ጎርፍ የሚያልፈው በሳሎናቸው ነው።

በድራማው ሁሉም የሚፋለምለት ታላቁ ዙፋን ከተሸነፉ ጠላቶች ሰይፍ በድራጎን እሳት የተሠራ ነው። የብሎካችን ኮሚቴ መንበር ደግሞ አንድ እግሩ በሽቦ የታሰረ ነጭ የፕላስቲክ ወንበር ነው። ይሁን እንጂ ማኅተሙ የሚሄደው ከወንበሩ ጋር ስለሆነ፣ ቋንቋችንም የተቀመጠበትን ሰው «ሊቀ መንበር» ብሎ አስቀድሞ ስላነገሠው፣ ጡረተኛው ሻምበልና የ3ኛ ፎቋ ወይዘሮ ሰላምታ ካቆሙ ሁለት ዓመት አልፏቸዋል።

በ7ኛው ሲዝን ከድራማው ጀግኖች አንዱ የሆነው ጆን ስኖው ከበረዶው ግንብ ማዶ ከሚመጣው የሙታን ሠራዊት አንዱን ማርኮ፣ በሣጥን ቆልፎ ንግሥት ሰርሴይ ፊት ያቀርባል፤ ንግሥቲቱም ደንግጣ ጦር እልካለሁ ትልና ሳትልክ ትቀራለች። በእኛም ስብሰባ የምድር ቤቱ መምህር ከቦዩ የዛቀውን ጥቁር ጭቃ በባልዲ ይዞ ገብቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። ሽታው ከማንኛውም ንግግር ይበልጥ አሳማኝ ነበር። ሻምበል አፍንጫቸውን ይዘው «ቅዳሜ አካፋ ይዤ እገኛለሁ» አሉ፤ ወይዘሮዋም ከእሳቸው ላለማነስ ሁለት አካፋ ቃል ገቡ። ቅዳሜ ቦዩ ዳር የተገኘነው ግን መምህሩ፣ የግቢው ዘበኛና እኔ ብቻ ነበርን (እኔም ብሆን ወገቤን አመመኝ ብዬ ከግማሽ ሰዓት በላይ አልቆየሁም)። ሁለቱ ተፎካካሪዎች በየበረንዳቸው አካፋቸውን ተደግፈው ይተያዩ ነበር፤ ቀድሞ የወረደ ለሌላው እንደተገዛ ይቆጠራልና።

በድራማው የመጨረሻ ክፍል ድራጎኑ፣ እንደ እናት ያሳደገችው ንግሥት ስትገደል ገዳይዋን ትቶ ዙፋኑን ማቅለጡ ለጎረቤቴ ልጅ አልተዋጠለትም፤ እኔ ግን ያን ስብሰባ ስላየሁ እንስሳውን አልፈረድኩበትም።

ሰኔ ላይ ለምርጫ ኮሙናል ተሰብስበን ሳለ ዝናቡ ወረደ፤ ደጃፉም በአንድ አፍታ ወንዝ ሆነ። አንዲት የምድር ቤት እናት ማንንም ሳታስፈቅድ መንበሩን አንሥታ ጎርፉ መሀል ተከለችውና ልጆቿን እያስረገጠች አሻገረች። ሻምበልና ወይዘሮዋም በዚያው ላይ ረግጠው ተሻገሩ፤ ማን ይቅደም በሚለው ላይ ግን ውኃው ቁርጭምጭሚታቸው እስኪደርስ ተከራክረዋል።