ማስተካከያ፦ የዊንዶውስ ፋየርዎል የሚወጣውን በራሱ አያግድም

ባለፈው ሳምንት ስለ ቤት ኮምፒውተር ጥበቃ ስጽፍ «የዊንዶውስ ፋየርዎል የሚገባውንም የሚወጣውንም ያግዳል» ብዬ ነበር። ተሳስቻለሁ፤ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

ፋየርዎል በኮምፒውተራችሁና በኔትወርክ መካከል የሚያልፈውን ግንኙነት የሚቆጣጠር ፕሮግራም ነው። የዊንዶውሱ ማንም ሳይነካካው የሚያግደው ሳይጠራ ከውጭ የሚመጣን ግንኙነት ነው። ይህም ቀላል ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በኦገስት 2003 ብላስተር የተባለው ዎርም (ራሱን በኔትወርክ እያባዛ የሚዛመት ጎጂ ፕሮግራም) ሰው ምንም ሳይከፍት በፖርት 135፣ ማለትም ኮምፒውተሩ ግንኙነት ከሚቀበልባቸው ባለ ቁጥር በሮች በአንዱ፣ ሰተት ብሎ ይገባ ነበር፤ ያኔ የዊንዶውስ ኤክስፒ ፋየርዎል ጠፍቶ ነበር የሚመጣው። ማይክሮሶፍት ከመነሻው እንዲበራ ያደረገው በ2004፣ ሰርቪስ ፓክ 2 በተባለው የኤክስፒ ማሻሻያ ነው።

ወደ ውጭ የሚወጣውን ግን የሚከለክል ደንብ ካላወጣችሁለት ያሳልፈዋል። ከጓደኛ ፍላሽ በተገለበጠ ክራክ (የፈቃድ ቁልፉ በተሰበረ) ፕሮግራም ውስጥ የተደበቀ ሰላይ የይለፍ ቃላችሁን ቢልክ አያስቆመውም። ጽሑፌን አምናችሁ አንቲቫይረሳችሁን ያጠፋችሁ ካላችሁ፣ እባካችሁ አሁኑኑ መልሳችሁ አብሩት።

ሌላም አለ። የካፌ ዋይፋይ ላይ ከዊንዶውስ የኔትወርክ ዓይነቶች «ፕራይቬት» ምረጡ ያልኩት «ፐብሊክ» በሚል ይታረም። በፐብሊክ ኮምፒውተራችሁ እዚያው ኔትወርክ ላይ ላሉት አይታይም፤ ፕራይቬት ለቤታችሁ ዋይፋይ ብቻ ይሁን።