ትንሹ የሳንባ መድኃኒት ኩባንያ በጊዜ ይዋዋል ወይስ ይቆይ?

የመከራከሪያ ሐሳብ፦ «በሳንባ መድኃኒት ላይ የሚሠራ አነስተኛ ኩባንያ ሁለተኛው ምዕራፍ ሙከራ እንደተሳካለት ከትልቅ ኩባንያ ጋር መዋዋል አለበት።» (ሁለተኛው ምዕራፍ መድኃኒቱ መሥራቱ በጥቂት ሕመምተኞች የሚታይበት፣ ሦስተኛው ደግሞ ከመጽደቁ በፊት በብዙ ሕመምተኞች የሚረጋገጥበት ሙከራ ነው። መዋዋል ማለት በመድኃኒቱ ላይ ያለውን መብት በከፊል ወይም በሙሉ ሰጥቶ ገንዘብ መቀበል ነው። ዓመቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ደጋፊ፦ አለበት። በትንፋሽ ወደ ሳንባ የሚሳብ መድኃኒት እንደ እንክብል አይደለም። ቅንጣቱ ከ5 ማይክሮን ብዙ ከበለጠ አብዛኛው ጉሮሮ ላይ ይቀራል፣ ሳንባ አይደርስም። ስለዚህ ከመድኃኒቱ ሌላ መሣሪያውም መፈተሽ አለበት። ከዚያ ሦስተኛው ምዕራፍ አለ። ሲኦፒዲ (የአየር ቧንቧን የሚያጠብ ሥር የሰደደ የሳንባ በሽታ) ላይ ከሆነ በሽታው ስንቴ እንደተባባሰ ለመቁጠር ብዙ ሕመምተኛ ለወራት፣ አንዳንዴም ዓመት ሙሉ መከታተል ነው። ይህ ሁሉ ገንዘብ ከየት ይመጣል?

ተቃዋሚ፦ ወንድሜ፣ ቬሮና ፋርማ የተባለውን አነስተኛ ኩባንያ ረሳኸው? ኤንሲፈንትሪን የተባለውን የሲኦፒዲ መድኃኒት በ2024 አሜሪካ ውስጥ አስጸደቀ፣ መሸጥም የጀመረው ራሱ ነው። በ2025 ትልቁ ኩባንያ መርክ ወደ 10 ቢሊዮን ዶላር ሊገዛው ተስማማ። በሁለተኛው ምዕራፍ ፈርሞ ቢሆን ኖሮ ይህን ዋጋ ማን ይሰጠው ነበር? የቸኮለ ምን እንደሚገጥመው ማንካይንድ ከተባለው ኩባንያ እይ። የሚሳበውን ኢንሱሊኑን አፍሬዛን ለመሸጥ ትልቁ ኩባንያ ሳኖፊ በ2014 ተዋዋለ፣ በ2016 መጀመሪያ ውሉን አቋርጣለሁ አለ።

ደጋፊ፦ ኢንሱሊን? ስለ ሳንባ በሽታ እያወራን የስኳር መድኃኒት አመጣህብኝ! አፍሬዛ እኮ አስም ወይም ሲኦፒዲ ላለበት ሰው የተከለከለ ነው። የአየር ቧንቧውን ድንገት ሊያጠብበት ይችላልና።

ተቃዋሚ፦ እኔ የጠቀስኩት ውሉን እንጂ በሽታውን አይደለም። አጋር ሲሰለቸው ምርቱን ይመልሳል። የተመለሰ መድኃኒት ደግሞ ቀጣዩ ገዢ በጥርጣሬ ነው የሚያየው።

ደጋፊ፦ ውሉንም እንየው እንግዲህ። አፍሬዛ የጸደቀው ውሉ ከመፈረሙ በፊት ነው! «የቸኮለ» ያልከው ኩባንያ አንተ ቆይ የምትለውን ያህል ቆይቷል። ቆይቶም ተመለሰበት። ታዲያ ምሳሌህ የሚመሰክረው ለማን ነው? ቬሮናህም ቢሆን የቻይናን መብት ኑዋንስ ፋርማ ለተባለ ኩባንያ የሰጠው በ2021፣ የሦስተኛው ምዕራፍ ውጤት ሳይወጣ ነው።

ተቃዋሚ፦ እሺ፣ «የቸኮለ» ያልኩትን አንስቻለሁ። አንድ ቃል ይዘው ሰው ፊት እንዲህ ማሳጣት ግን ከእርስዎ አልጠበቅሁም። ቻይናን መስጠትና አሜሪካን መስጠት ለየቅል ናቸው። ዋናው ገንዘብ ያለው አሜሪካ ነው። ቬሮና እሱን አልለቀቀም። እኔም የምለው ዋናውን ገበያ አትልቀቁ ነው።

ደጋፊ፦ ይህማ ሌላ ክርክር ነው። ቢሆንም ልመልስ። ቴራቫንስ የተባለው ኩባንያ ሬቨፈናሲን የተባለውን የሲኦፒዲ መድኃኒት ይዞ ከትልቁ ኩባንያ ከማይላን ጋር በ2015 ተዋዋለ፣ ሦስተኛው ምዕራፍ ሳይጀመር። የጥናቱን ወጪ ማይላን ሸፈነ፣ መድኃኒቱ በ2018 ጸደቀ። ቴራቫንስ አሜሪካንም ጨርሶ አልለቀቀም፣ ትርፍና ኪሳራውን ይጋራል።

ተቃዋሚ፦ ስንት ለስንት እንደሚጋራ ለምን አይናገሩም? 35 ለ65 ነው! መድኃኒቱን ያገኘው ሰው 35ቱን ይዞ ይቀመጣል። ዓመታት የለፋበትን ነው እኮ!

ደጋፊ፦ 65 የሚወስደው ኪሳራውንም 65 ይሸከማል። መጀመሪያ የጠየቅሁህ ግን አሁንም መልስ አላገኘም። ገንዘቡ ከየት ይመጣል?

ተቃዋሚ፦ ከባለአክሲዮንና ከብድር። ቬሮናም ያደረገው ይህንኑ ነው።

ደጋፊ፦ ገበያው ተዘግቶ አክሲዮን የሚገዛ በጠፋበት ዓመትስ?