«ይቀየር!» ከማለታችሁ በፊት ኳሷ ለምን እንደተጠለፈች እዩ

ኧረ በፈጠራችሁ! ቅዳሜ በመጣ ቁጥር ያው ጉድ ነው። የአሜሪካ ኮሌጅ ፉትቦል ይጀመራል፤ በሁለተኛው ሩብ ላይ ኳርተርባኩ (ኳሷን የሚወረውረው የማጥቃቱ መሪ) አንዲት ኳስ በተከላካይ ትጠለፍበታለች፤ ወዲያው ግሩፑ ይንጫጫል። «ይሄ ልጅ መወርወር አይችልም!» «ባክአፑ (ተጠባባቂው) ይግባ!» «አሰልጣኙ ዓይን የለውም እንዴ?» ኳሷ በማን እጅ ነጥራ እንደተጠለፈች ያየ የለም። ልጁ ሲወረውር ክንዱን ማን እንደመታው ያየ የለም። ተፈረደበት፣ አለቀ። ዝም ማለት ስላቃተኝ ዛሬ በዝርዝር እጽፋለሁ፤ ረጅም ነው፣ ታገሱኝ።

መጀመሪያ ይቺ ከተወረወረው ኳስ ስንቱ ተያዘ የምትለው የመቶኛ ነገር። «ይሄ 68 በመቶ ነው፣ ያኛው 59፣ ታዲያ ምን ያከራክራል?» ትላላችሁ። በእግር ኳስ ላደገ ሰው ይሄ ሊጠፋው አይገባም። አንድ አማካይ መቶ ኳስ ነክቶ ዘጠና አምስቱን ለመሃል ተከላካዩ ወደ ኋላ ቢመልስ «እንዴት ያለ አቀባይ ነው!» የሚል የለም። ሰንጥቆ ያሳለፈው ስንቱን ነው ተብሎ ይጠየቃል። ፉትቦል ላይ ስንደርስ ይሄ ጥያቄ የት ገባ? ኳርተርባኩ በፊቱ እየሮጠ ለሚያልፍ ልጅ ኳሷን አንድ ክንድ ያህል ወደፊት ብድግ አድርጎ ቢያስይዘው በመዝገቡ የተሳካ ፓስ ናት። ያ ልጅ 30 ያርድ ቢሮጥባት 30ውም የኳርተርባኩ የፓስ ያርድ ሆኖ ይጻፍለታል። ስክሪን የሚባለው አጭር ፓስም እንደዚያው ነው፤ ኳሷ ከመነሻው መስመር ኋላ ትያዛለች፣ ሥራውን የሚሠሩት ከፊት ሆነው መንገድ የሚከፍቱት ናቸው። በሌላ በኩል ሰዓት ለማስቆም ኳሷን መሬት ሲመታት ያልተሳካ ውርወራ ተብሎ ይቆጠርበታል። በተከላካይ ከምያዝ ብሎ አውቆ ኳሷን ከሜዳ ውጭ ሲጥላትም ይቆጠርበታል። ተቀባዩ ሁለት እጁ ላይ አርፋለት ስታመልጠውም የሚቆጠረው በወርዋሪው ነው። ከ30 ውርወራ 20 ከተያዘ 66.7 በመቶ ነው። ከእነዚያ ሁለቷን ተቀባዮቹ ቢጥሏት 60 ይሆናል። ልጁ አወራወሩን ሳይቀይር ከ«ጎበዝ» ወደ «ይቀየር» ወረደ።

ሌላው የሚጠቀሰው የኤንሲኤኤ (የአሜሪካ ኮሌጆች ስፖርት ማኅበር) የፓስ ውጤት ነው። ከ1979 ጀምሮ የሚሠራበት ቀመር ነው፦ ያርዱ በ8.4፣ ታችዳውኑ (እንደ ጎል ያለው ነጥብ) በ330፣ የተያዘው ፓስ በ100 ይባዛና ይደመራል፤ ለእያንዳንዱ ኢንተርሴፕሽን (ለተጠለፈች ኳስ) 200 ይቀነሳል፤ ከዚያ በውርወራው ብዛት ይካፈላል። ሁለት ልጆች እናስብ። አንደኛው ከ30 ውርወራ 24 ተይዞለት 210 ያርድና 1 ታችዳውን አመጣ፣ አንድም አልተጠለፈበትም። ውጤቱ 149.8 ይመጣል። ሁለተኛው ከ30 ውርወራ 17 ተይዞለት 260 ያርድና 2 ታችዳውን አመጣ፣ 1 ተጠለፈበት። ውጤቱ 144.8 ነው። በቀመሩ የመጀመሪያው በልጧል፤ ቀመሩ ሁለት ያርድ ለምታመጣም፣ አርባ ለምታመጣም ኳስ ስለመያዟ ብቻ እኩል 100 ይሰጣልና። አሁን ሳክ፣ ማለትም ኳርተርባኩ ሳይወረውር መያዙን፣ እናስገባበት። ኮሌጅ ውስጥ ሳክ ከፓስ ላይ አይቀነስም፤ ከኳርተርባኩ የሩጫ ያርድ ላይ ነው የሚቀነሰው፣ ስለዚህ በፓስ ሠንጠረዡ ላይ አይታይም። የመጀመሪያው ልጅ ኳሷን አቅፎ እየቆየ 5 ጊዜ ተይዞ 35 ያርድ ቢያስበላ፣ ሁለተኛው 1 ጊዜ ተይዞ 6 ያርድ ቢያጣ፣ ለመወርወር ወደ ኋላ ባፈገፈጉ ቁጥር አንደኛው የሚያመጣው 5 ያርድ ነው፣ ሁለተኛው 8.2። «አያጠፋም» የተባለው ልጅ ነው ቡድኑን ሦስተኛ ዳውን (ከአራቱ ሙከራ ሦስተኛው) ላይ 14 ያርድ እየቀረው እየጣለ ያለው!

ሳክ ደግሞ ሁሉም የኳርተርባኩ፣ ወይም ሁሉም የላይኑ (ከፊቱ ሆነው የሚያግዱለት አምስቱ ልጆች) አይደለም። ሰዓት ያዙበት። ከስናፕ (ኳሷ ከመስመሩ ወደ እሱ ከተነሳች) በኋላ ሁለት ሰከንድ ሳይሞላ ተከላካይ ደረቱ ላይ ከደረሰ የአምስቱ የላይን ልጆች ነው፣ ወይም ማን ማንን እንደሚያግድ የተጠራው ጥሪ ተበላሽቷል። ሦስት ሰከንድ ተኩል አልፎም ኳሷ እጁ ላይ ካለች፣ ክፍት ተቀባይም ከነበረ፣ ጥፋቱ የራሱ ነው። ላይኑ በተደረመሰ ቁጥር ኳርተርባኩን መስደብ አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ነው።

«ግን እኮ ክንድ አለው፣ 60 ያርድ ይወረውራል» የምትሉም አላችሁ። በአንድ ጨዋታ ስንት ጊዜ ነው 60 ያርድ የሚያስፈልገው? ክንድን የምትፈትነው ኳስ ሌላ ናት፣ ቴሌቪዥኑም አያጎላትም። ሜዳው 160 ጫማ ይሰፋል። በኮሌጅ በሁለቱ ሃሾች (ኳሷ በመካከላቸው የምትነሳባቸው የሜዳ ምልክቶች) መካከል 40 ጫማ አለ፤ በፕሮፌሽናሉ 18 ጫማ ተኩል ብቻ ነው። ስለዚህ ኳሷ በግራው ሃሽ ላይ ስትነሳ እስከ ቀኙ የጎን መስመር 100 ጫማ፣ ማለትም ከ33 ያርድ በላይ ይቀራል። በዚያ ጥግ ያለው ተቀባይ 12 ያርድ ወደፊት ሮጦ ወደ ጎን መስመሩ ይሰብራል፣ ማለትም በድንገት ይታጠፋል፤ ኳርተርባኩ ከመስመሩ 7 ያርድ ኋላ ቆሞ ይወረውርለታል። ሒሳቡን ሥሩት፦ ኳሷ አየር ላይ 36 ያርድ ያህል ትጓዛለች፣ የምታመጣው ግን 12 ነው። ያው ሩጫ ኳሷ በተነሳችበት ጎን ቢሆን 26 ያርድ በበቃ ነበር። 36 ያርድ ለመጓዝ ኳሷ ከአንድ ሰከንድ በላይ ያስፈልጋታል፤ ፈጣን ኮርነርባክ (ተቀባዩን የሚጠብቀው ተከላካይ) በአንድ ሰከንድ 8 ያርድ ያህል ይበላል። ስለዚህ ተቀባዩ እስኪዞር የጠበቀ ኳርተርባክ ክንዱ ምንም ያህል ቢበረታ ዘግይቷል። ኳሷ ተቀባዩ ገና ጀርባውን ሰጥቶ ሳለ ከእጁ መውጣት አለባት። ይሄን በአንድ ጨዋታ ሁለት ሦስት ጊዜ የሚያደርግ ልጅ ካያችሁ፣ ኳሷ ባትያዝም እንኳ ልብ በሉት።

እግሩንም እዩ፣ እግሩን! በቀኝ የሚወረውር ከሆነ የግራ እግሩ ጣቶች ወደ ዒላማው መጠቆም አለባቸው። ርምጃው ከመጠን በላይ ከረዘመ ደረቱ ወደ ኋላ ይቀራል፣ ኳሷም ከተቀባዩ ራስ በላይ ትሄዳለች። ዓይኑ ከመጀመሪያው ተቀባይ ወደ ሦስተኛው ዞሮ እግሩ አብሮ ካልዞረ ኳሷ ከሯጩ ኋላ ትቀራለች። ሊመቱት ሲመጡ በኋላ እግሩ ላይ ተንጋሎ ከወረወረ ትንሳፈፋለች፤ ለሴፍቲ (ለኋለኛው ተከላካይ) ሲሳይ የምትሆነው እሷ ናት። እነዚህ በልምምድ የሚታረሙ ናቸው። «መወርወር አይችልም» ተብሎ የሚዘጋ ነገር የለም፤ ከፍ አለች ወይስ ከኋላ ቀረች ብሎ መጠየቅ ይቀድማል። ተያዘች ማለትም በደንብ ተወረወረች ማለት አይደለም። ወደ መሃል በአጭሩ ለሚቆርጥ ተቀባይ ኳሷ ከደረቱ ትንሽ ቀድማ መድረስ አለባት። ከጀርባው ከመጣች ቆሞ፣ ተጠማዞ ይይዛታል፤ 5 ያርድ ላይ ይወድቃል። በትክክል ብትመጣለት 20 ያርድ ይሮጥ ነበር። በመዝገብ ሁለቱም «ተያዘች» ናቸው።

በጣም የሚያናድደኝ ግን የኢንተርሴፕሽኑ ፍርድ ነው። የቴሌቪዥኑ ካሜራ ኳሷን ነው የሚከተለው። ተቀባዮቹ ከ10 ያርድ ካለፉ ከምስሉ ይወጣሉ፣ ሴፍቲዎቹንም አናያቸውም። አሰልጣኞች የሚያዩት 22ቱንም ተጫዋች ከላይ የሚያሳይ ፊልም ነው። እኛ ግማሹን አይተን ሙሉ ፍርድ እንሰጣለን።

ይቺን አስቡ፦ ሦስተኛ ዳውን፣ 8 ያርድ ቀርቷል። ከስናፕ በፊት ሁለቱ ሴፍቲዎች በ12 ያርድ ጥልቀት ተራርቀው ቆመዋል፣ መሃሉ ክፍት ይመስላል። ስናፕ ሲሆን አንደኛው ወደ መሃል ጥልቁ ይፈተለካል፣ ሌላው ቁልቁል ይወርዳል። ኳርተርባኩ ይሄን ለማየት ያለው ጊዜ ሲያፈገፍግ የሚራመዳቸው የመጀመሪያዎቹ ሁለት ርምጃዎች ናቸው። ካላየና በመሃል ለሚያቋርጠው ተቀባይ ከወረወረ ኳሷ የሚወርደው ሴፍቲ ደረት ላይ ታርፋለች። ይሄ የእሱ ጥፋት ነው፣ ማስተባበያ የለውም። አሁን ያቺኑ ኳስ በሌላ ምክንያት ተመልከቷት፦ ኳርተርባኩ በትክክል አንብቧል፣ ተቀባዩ ግን 12 ላይ መስበር ሲገባው ዙሪያውን ሰፋ አድርጎ ዞረና ተከላካዩን ከፊቱ አስገባ። ጥፋቱ የተቀባዩ ነው። ወይም ክንዱ ተመትቶ ኳሷ ተንቀዋለለች፤ የላይኑ ነው። ወይም ከገዛ ተቀባዩ እጅ ነጥራ ወጣች። ወይም በእረፍት ሰዓት ዋዜማ፣ 2 ሰከንድ ሲቀር፣ ከ50 ያርድ ወደ ላይ የተወረወረች የዕድል ኳስ ናት። አምስቱም በመዝገብ «1 ኢንተርሴፕሽን» ናቸው። አምስቱንም አንድ አድርጋችሁ ነው ልጁን ወንበር ላይ የምታስቀምጡት!

ወደ ቋሚ ተሰላፊነቱ ስንመጣ ሁላችሁም የምትጠቅሱት አንድ ምሽት አለ፦ ጃንዋሪ 8፣ 2018፣ የኮሌጁ ዋንጫ ጨዋታ፣ አላባማ ከጆርጂያ። የአላባማው አሰልጣኝ ኒክ ሴባን 13 ለ 0 እየተመራ በእረፍት ቋሚውን ኳርተርባክ ጄለን ኸርትስን አስቀምጦ ቱዋ ታጎቫይሎአን አስገባ፣ በተጨማሪ ሰዓት 26 ለ 23 አሸነፈ። እውነት ነው። ግን ሙሉውን አውሩት። ቱዋም በሁለተኛው አጋማሽ ኳስ ተጠልፎበታል፣ ሴባን ግን አላስወጣውም። በተጨማሪ ሰዓቱ ተይዞ 16 ያርድ አስበልቷል፣ በሚቀጥለው ውርወራ ነው 41 ያርድ ለተቀባዩ ዴቮንታ ስሚዝ ወርውሮ የጨረሰው። በእናንተ ሕግ ቢሆን በዚያች ኢንተርሴፕሽን ይወጣ ነበር። ኸርትስም በዚያው ዓመት ዲሴምበር ላይ ቱዋ ሲጎዳ ገብቶ ያንኑ ጆርጂያን 35 ለ 28 አሸንፏል። «አይወረውርም» የተባለው ልጅ በ2025 የሱፐር ቦውል (የፕሮፌሽናሉ ዋንጫ ጨዋታ) ኮከብ ተብሏል።

ኳርተርባኩን ካሌብ ዊሊያምስንም ታነሳላችሁ። ዲሲ ላለን ሰዎች የሰፈር ልጅ ነው ማለት ይቻላል፤ ሁለተኛ ደረጃን እዚሁ ጎንዛጋ ነው የተማረው። በ2021 የኦክላሆማ ደጋፊ በገዛ ስታዲየሙ ስፔንሰር ራትለር ሜዳ ላይ እያለ «ካሌብ ይግባ» ብሎ ጮኸ። ያን ጨዋታ ራትለር ጨርሶ 16 ለ 13 አሸነፈ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ቴክሳስ እስከ 21 ነጥብ በመራቸው ጨዋታ አሰልጣኙ በሁለተኛው ሩብ ቀየረው፣ ካሌብ ገብቶ 55 ለ 48 አሸነፉ። ቅያሪው ልክ ነበር። የማልስማማው ጩኸቱን የቅያሪው ምክንያት አድርጋችሁ ስታወሩ ነው። አሰልጣኝ ካሌብን በየቀኑ ልምምድ ላይ ያየዋል፤ እኛ ያየነው የሌላውን ልጅ ስህተት ብቻ ነው።

ኳርተርባኩ ጆ በሮው ደግሞ ይሄን ሁሉ ክርክር መዝጋት ነበረበት። በ2018 ኤልኤስዩ (የሉዊዚያና ስቴት ዩኒቨርሲቲ) ውስጥ 57.8 በመቶ፣ 16 ታችዳውን። በ2019 ያው ልጅ፣ ያው ክንድ፣ 76.3 በመቶ፣ 5,671 ያርድ፣ 60 ታችዳውን፣ 6 ኢንተርሴፕሽን፣ ሃይዝማን (የዓመቱ ምርጥ ተጫዋች ሽልማት)፣ 15 ጨዋታ አሸንፎ አንድም ሳይሸነፍ። በመካከሉ አሰልጣኝ ጆ ብሬዲ ከፕሮፌሽናሉ ኒው ኦርሊንስ ሴንትስ መጥቶ የፓስ አጨዋወቱ ተቀየረ፤ ተቀባዮቹ ጃማር ቼዝና ጀስቲን ጄፈርሰን አንድ ዓመት በሰሉ። በ2018ቱ መቶኛ ብቻ ፈርዶ ያስቀመጠው ሰው ቢኖር ኖሮ ምን ሊያጡ እንደነበር አስቡት።

ሜዳ ላይ የማናየው ሥራም አለ። ከ2024 ጀምሮ በላይኛው ዲቪዥን አሰልጣኙ በሄልሜት ሬዲዮ ያናግረዋል፤ ግን ኳሷ እስክትነሳ በሚቆጥረው የ40 ሰከንድ ሰዓት 15 ሲቀር ይዘጋል። ከዚያ በኋላ ልጁ ብቻውን ነው። ከየት እንደሚመጡበት ይቆጥራል፣ ላይኑ ወዴት እንደሚያዘነብል ይጠራል፣ መጥፎ ጥሪ ከሆነ ይቀይራል። የሁለተኛው ልጅ ክንድ የተሻለ ሆኖ ይሄን ሳይችል ሲቀር አሰልጣኝ አያስገባውም፤ «አድልዎ ነው» ትላላችሁ። ሁለቱን እያፈራረቁ ማጫወትም መድኃኒት አይደለም። አሰልጣኝ ሎይድ ካር በ1999 ሚሺጋን ላይ ቶም ብሬዲን በአንደኛው ሩብ፣ ድሩ ሄንሰንን በሁለተኛው እያስገባ ሞክሮት በስተመጨረሻ ወደ ብሬዲ ተመልሷል። የልምምድ ኳስ ሲከፈል ሁለቱም ከተቀባዮቹ ጋር የሚግባቡበት ጊዜ ይቀንሳልና።

ስለዚህ አንድ ነገር ልለምናችሁ። የሚቀጥለውን ቅዳሜ ጨዋታ ቅዱትና ወረቀት ያዙ። እያንዳንዷን ውርወራ ጻፉ፦ ከመስመሩ ስንት ያርድ አልፋ ደረሰች፣ ሲወረውር ተጨንቆ ነበር ወይ፣ ለመያዝ የምትመች ነበረች ወይ፣ ካልተያዘች የማን ናት። ስክሪኖቹን ለብቻ አውጧቸው። 30 ውርወራ ቢሆን ነው፤ አንድ ሰዓት አይፈጅም። ከሦስት ጨዋታ በኋላ ወረቀቱን ግሩፑ ላይ አስቀምጡና «ይቀየር» በሉ፤ ያኔ ከእናንተ ጋር እጮሃለሁ።